ለአሮጌ ሞተር ሳይክል ፍሬን፦ የቱ ይገዛል፣ የቱ ይታደሳል፣ የቱ ይተዋል

አሥር ዓመት ያለፈው ሞተር ሳይክል ፍሬኑ ሲደክም መጀመሪያ የሚታሰበው አዲስ ሸራ፣ ማለትም ተጭኖ ጎማውን የሚያቆመው የሚያልቅ ቁስ ነው። ሸራው ተገዝቶ ይገባል፣ ሁለት ሳምንት ደህና ይይዛል፣ ከዚያ ፔዳሉ እንደ ድሮው መስመጥ ይጀምራል። ሸራው መጥፎ ሆኖ ላይሆን ይችላል። የሰፋ ታምቡር (ሸራው ከውስጥ የሚጫነው ክብ ቤት)፣ የላላ ሞላ፣ የደረቀ ካም (እየዞረ ሸራውን የሚከፍተው ዘንግ) ወይም ያበጠ ጎሚኒ (ዘይት የሚይዝ የጎማ ቀለበት) ካለ የትኛውም ሸራ ሥራውን አይሠራም። ስለዚህ ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ጎማው ይፈታ፣ ውስጡ ይለካ።

የምናነጻጽረው ከ100 እስከ 150 ሲሲ ላሉት የሥራ ሞተሮች ነው፤ ፊትም ኋላም ታምቡር ላላቸው እንደ መደበኛው ቦክሰር 150 እና ያማሃ ኤጂ 100፣ እንዲሁም ፊታቸው ዲስክ፣ ኋላቸው ታምቡር ለሆነ እንደ ሆንዳ ኤክስ አር 125። ሸራ ስንል የሁለቱንም ነው፤ የዲስኩን ፓድ የሚሉትም አሉ።

መጀመሪያ ልኬቱ

የታምቡር ፍሬን ሳይፈታም ይናገራል። በብዙዎቹ ሞተሮች ካሙን የሚያዞረው ክንድ ሥር ትንሽ ቀስት፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ የተቀረጸ ምልክት አለ። ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ስትይዙ ቀስቱ ምልክቱ ላይ ከደረሰ ሸራው አልቋል።

ፔዳል የሰመጠበት ሰው የሚሞክረው አንድ የተለመደ ዘዴ አለ፤ ክንዱን ከካሙ ጥርስ ላይ አውጥቶ አንድ ጥርስ ወደ ኋላ መልሶ ማስገባት። ፔዳሉ ወዲያው ከፍ ይላል፣ ሸራውም «ገና ነው» ይባላል። ይህ በጣም አደገኛ ነው። ካሙ ከተሠራለት መጠን በላይ እየዞረ ስለሚሠራ ሸራው ጥቂት ሲሳሳ እስከ ጫፉ ይዞርና መመለስ ያቅተዋል፤ ጎማው እየሄደ ሳለ ይቆለፋል። ያገለገለ ሞተር የገዛችሁ እንደሆነ ክንዱና የካሙ ጫፍ ላይ የተመቱት ሁለት ነጥቦች ፊት ለፊት መግጠማቸውን እዩ። ካልገጠሙ ከእናንተ በፊት አንድ ሰው ይህን አድርጓል ማለት ነው።

ጎማው ከወጣ በኋላ ሸራውን በጣም በሳሳው ቦታ ለኩት። በእነዚህ ሞተሮች አዲስ ሸራ 4 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ 2 ሚሊሜትር ሲደርስ ይቀየራል። ቀጥሎ ታምቡሩ። የሚፈቀደው ከፍተኛ የውስጥ ስፋት ብዙ ጊዜ ራሱ ታምቡሩ ላይ ተጽፏል፤ በሆንዳ ልማድ አዲስ ሲሆን 110 ሚሊሜትር የነበረው እስከ 111፣ 130 የነበረው እስከ 131 ይፈቀዳል። ካሊብሮውን (መለኪያ መሣሪያውን) ዳር ላይ ካለው ያልተበላ ጠርዝ አሳልፋችሁ ወደ ውስጥ አስገቡት፣ በመስቀለኛ አቅጣጫም ሁለቴ ለኩ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ ታምቡሩ ሞላልቷል፤ ፔዳሉ እግር ሥር ከፍ ዝቅ የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው፣ አዲስ ሸራም አያስተካክለውም።

ለዲስክ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት ዲስኩ ላይ ተመትቷል። ዲስክ የሚበላው መሃሉ ላይ ስለሆነና ዳሩ ስለሚቀር ካሊብሮ በቀጥታ ሲያዝ የሚለካው ዳሩን ነው። ውፍረታቸው የታወቀ ሁለት ሮንዴላዎችን በሁለቱም በኩል የተበላው ቦታ ላይ አድርጋችሁ ከላያቸው ለኩ፣ የሮንዴላዎቹን ውፍረት ቀንሱ። የሚቀረው ቁጥር ከተጻፈው ካነሰ የሸራ ንጽጽር ውስጥ አትግቡ፤ የሚገዛው ዲስክ ነው።

የታምቡር ሸራ፦ ኦርጅናል፣ የገበያ ወይስ የተለጠፈ

በመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ በክልል ከተሞች የመለዋወጫ ሱቆች የሚቀርቡት ምርጫዎች ሦስት ናቸው። የሞተሩ አምራች ስም ያለበት ኦርጅናል፣ ለዚያ ሞተር ተብሎ በሌላ ድርጅት የተሠራ፣ እና አሮጌውን የአሉሚኒየም ቅስት ወስዶ አዲስ ሸራ ማስለጠፍ።

የኦርጅናሉ ጥቅም የቅርጹ ልክነት ነው። የቅስቱ ክብነት፣ የሞላው ቀዳዳ፣ ካሙ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ጫፍ ሁሉም ከታምቡሩ ጋር አብረው ተነድፈዋል። ችግሩ ስሙ ያለበት ካርቶን ሁሉ ኦርጅናል አለመሆኑ ነው። ካርቶኑን ተዉትና ዕቃውን እዩ፤ ሸራውና አሉሚኒየሙ የሚገናኙበት መስመር ዙሪያውን ድፍን ይሁን፣ ጥፍር የሚገባበት ክፍተት አይኑር። ጥንዱን ጎን ለጎን ስታቆሙ ቁመታቸውና ስፋታቸው እኩል ይሁን። ቅስቱን አንጠልጥላችሁ በትንሽ ብረት ስትመቱት ጥርት ያለ ድምፅ ይስጥ፤ የታፈነ ድምፅ ማጣበቂያው ውስጥ ባዶ ቦታ እንዳለ ይጠቁማል።

የገበያው ጥራት ከሱቅ ሱቅ ሳይሆን ከካርቶን ካርቶን ይለያያል፤ ስለዚህ በጠመኔ ፈትኑት። የታምቡሩን ውስጥ በቦርድ ጠመኔ ቀቡ፣ ሸራውን አስጠግታችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አሹት፣ ከዚያ ጠመኔው የት እንደነካው እዩ። መሃሉን ሰፋ አድርጎ ከነካ እየሠራ ሲሄድ ዳሮቹም ይደርሳሉ። ሁለቱን ጫፎች ብቻ ከነካ ግን መልሱት፤ እንዲህ ያለ ሸራ በቀላሉ ሲያዝ ምንም አይልም፣ ትንሽ ሲጠነክር ድንገት ቀፍድዶ ይይዛል። እርጥብ ኮረኮንች ላይ ይህ መውደቅ ማለት ነው።

ማስለጠፍ ርካሽ ነው፣ አንዳንዴም ከሦስቱ የሚሻለው እሱ ነው፦ ታምቡሩ ሞላልቶ ቶርኖ ቤት ከተነጨ (ውስጡ ክብ እንዲሆን ከተፋቀ) በኋላ። የተነጨ ታምቡር ስለሚሰፋ መደበኛው ሸራ ያንሰዋል፤ ወፈር ያለ ሸራ ተለጥፎ በታምቡሩ ልክ ሲስተካከል ግን ይገጥማል። ስፋቱ ከተነጨ በኋላም ከተጻፈው ወሰን እንዳይበልጥ። ይህ የሚሠራው ማጣበቂያው ለፍሬን የተሠራና በእቶን ሙቀት፣ በማሰሪያ ተጨምቆ የደረቀ ከሆነ ነው። በተራ ማጣበቂያ ተለጥፎ ፀሐይ ላይ የደረቀ ሸራ ቁልቁለት ላይ ሲግል ይላቀቃል፤ የተላቀቀው ቁራጭ በቅስቱና በታምቡሩ መካከል ይሰነቀርና ጎማውን ያቆመዋል። ለጣፊውን «በምን አደረቃችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ካልጠራ ውሉን ተዉት።

የእኛ ምርጫ ይህ ነው። ፊት ላይ ኦርጅናል ወይም የታወቀ አምራች ሸራ፤ ስትይዙ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። ኋላ ላይ የጠመኔውን ፈተና ያለፈ የገበያ ሸራ ይበቃል። የተለጠፈ ለተነጨ ታምቡር፣ ወይም ሸራው ጭራሽ ለማይገኝለት አሮጌ ሞዴል።

ከሸራው ጋር ሁለቱን ሞላዎች ሳትገዙ አትውጡ። የላላ ሞላ ሸራውን ከታምቡሩ አይመልሰውም፤ ሸራው እየተጎተተ ይግላል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያልቃል። በሞላ የተቆጠበው ገንዘብ በሸራ በእጥፍ ይከፈላል።

ታምቡሩን መቀየር

ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው ወይም ሥሩ በተደረገ ጠንካራ ሣጥን ላይ አቁሙ። ብናኙን በአየር አትንፉ፣ በአፍም እፍ አትበሉ፤ በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፣ አስቤስቶስ ደግሞ ሳንባ ገብቶ አይወጣም። በሳሙና ውኃ በራሰ ጨርቅ ጥረጉትና ጨርቁን በፕላስቲክ ቋጥራችሁ ጣሉ።

ሁለቱን ሸራዎች እንደ መጽሐፍ ወደ ውስጥ ስታጥፏቸው ሞላው ረግቦ አብረው ይወጣሉ። ከዚያ ካሙን አውጡ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፣ ግማሹ የ«ደከመ ፍሬን» ችግር ግን እዚሁ ነው፤ የደረቀና የዛገ ካም የእጃችሁን ጉልበት ከሸራው ሳይደርስ ይበላዋል። ክንዱን ከመፍታታችሁ በፊት ነጥቦቹን በቀለም ምልክት አድርጉ። የካሙን ዘንግና ቀዳዳውን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፣ ሙቀት የሚችል ግሪስ እንደ ጭጋግ የሳሳ ቀቡ፣ ሸራው የሚዞርበትን ፒንም እንዲሁ። ግሪሱ ከበዛ ሲግል ቀልጦ ሸራው ላይ ይወርዳል። ግሪስ የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፤ ይጣላል። የጎማው ኩሽኔታ ዘይት መከላከያ ጎማ ካፈሰሰም አሁን ቀይሩት፣ ያለዚያ አዲሱን ሸራ ያበላሸዋል።

የታምቡሩን ውስጥ 80 ወይም 120 ቁጥር ባለው የብርጭቆ ወረቀት አሻክሩና መስተዋት የመሰለውን ልባስ አንሡ። የአዲሱን ሸራ ሹል ጫፎች በሞረድ በትንሹ ዝቅ አድርጉ፤ ጩኸትና መንገጭገጭ ይቀንሳል።

ስትመልሱ ሁለት ነገሮች ሕይወት ናቸው። የፊት ክዳኑ ላይ ያለው ጎድጎድ በሹካው ላይ ካለው ጉብታ ጋር በትክክል መግባቱን በዓይናችሁ እዩ፤ የኋላውን ክዳን የሚይዘው ብረት ደግሞ ቡሎኑ ጠብቆ ኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚያግደው ሽቦ) ይግባ፣ ኮፒሊያውም አዲስ ይሁን። ይህ ማሰሪያ ከሌለ ፍሬን ስትይዙ ክዳኑ ራሱ ከጎማው ጋር ይዞራል፣ ዘንጉን ይገነጥላል፣ ጎማውን ይቆልፋል።

የፔርኖውን (የጎማውን ዘንግ) ዳዶ ከማጥበቃችሁ በፊት ጎማውን አሽከርክሩ፣ ፍሬኑን ጠንክራችሁ ያዙ፣ እንደያዛችሁ ዳዶው ይጥበቅ። ሸራዎቹ በዚህ መሃላቸውን ያገኛሉ። በመጨረሻ ነፃ እንቅስቃሴው ይስተካከል፤ የፊት እጀታ ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር፣ የኋላ ፔዳል ከ20 እስከ 30። ገመዱ ጥቂት ክሮች ከተበጠሱበት ወይም በሽፋኑ ውስጥ እየጎረበጠ ከሄደ አብሮ ይቀየር።

የዲስክ ሸራ፦ በምን የተሠራ ነው?

እዚህ ልዩነቱ ከስም ይልቅ በቁሱ ነው። ኦርጋኒክ የሚባለው በሙጫ የተያያዘ የክርና የጎማ ድብልቅ ነው፤ ለስላሳ፣ ጸጥተኛ፣ ለዲስክ የሚራራ፣ ቀዝቃዛ ሳለም ወዲያው የሚይዝ። ድክመቱ ጭቃ ነው፤ በክረምት ጭቃ መንገድ ላይ ቶሎ ያልቃል። ሲንተርድ የሚባለው የብረት ዱቄት በሙቀት ተጨምቆ የተሠራ ነው፤ ውኃና ጭቃ አይበግረውም፣ ረጅም ዕድሜ አለው። ሆኖም ሙቀቱን ሸራውን ወደሚገፋው ፒስተንና ወደ ፍሬን ዘይቱ ያሳልፋል፣ ለእሱ ያልተሠራ ለስላሳ ዲስክንም ይበላል። ከፊል ብረት የሆነው መሃል ላይ ነው።

የታወቁ አምራቾች ሸራ ጀርባ ላይ ሁለት ፊደል ይጽፋሉ። የመጀመሪያው ቀዝቃዛ ሳለ፣ ሁለተኛው ግሎ ሳለ ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል፤ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55፣ ኤች ከ0.55 በላይ የሰበቃ መጠን ነው። ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው ዝቅ ካለ ሸራው ሲግል ይደክማል፤ ቁልቁለት ላለበት አገር ይህ ጥሩ ምልክት አይደለም።

ለ125 ሲሲ ሞተር ባለ አሮጌ ዲስክ ከፊል ብረት እንመርጣለን። ከተማ ውስጥ ብቻ የሚሄድ በኦርጋኒክ ይበቃዋል። ሲንተርድ የምንለው የሞተሩ መመሪያ ወይም አብሮ የመጣው ሸራ ሲንተርድ ከሆነ፣ ዲስኩም ገና ወፍራም ከሆነ ብቻ ነው። የቀድሞው ሸራ አንዱ ወገን ከሌላው ይልቅ በጣም ከሳሳ ግን ቁሱን መምረጥ ትርፉ ትንሽ ነው፤ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) ተጣብቋል።

ካሊፐሩን ማጽዳት፣ ማደስ ወይስ መለወጥ

አዲስ ሸራ ወፍራም ስለሆነ ፒስተኑ ወደ ኋላ መገፋት አለበት፤ የሚሳሳቱትም እዚህ ነው። ለዓመታት አቧራ የተጋገረበትን ፒስተን ሳያጸዱ መግፋት ቆሻሻውን ጎሚኒው ላይ ማሻሸት ነው። አሮጌው ሸራ ሲወጣ እጀታውን ቀስ ብላችሁ ያዙና ፒስተኑን ጥቂት ሚሊሜትር አውጡት፣ በሳሙና ውኃና በጥርስ ብሩሽ እጠቡት፣ አድርቁት፣ በንጹሕ የፍሬን ዘይት አርሱት፣ ከዚያ በእጅ ግፉት። የላይኛው ዘይት መያዣ እንዳይፈስ አስቀድማችሁ ትንሽ ዘይት ቀንሱ። በእጅ ከተመለሰ ማጽዳት ይበቃል፤ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች በሲሊኮን ግሪስ ቀብታችሁ ግጠሙ።

ካልተመለሰ የጎሚኒ ስብስብ ይገዛል። ለእያንዳንዱ ፒስተን ሁለት ጎሚኒ አለ፤ አንዱ ዘይት ይይዛል፣ አንዱ አቧራ ይከለክላል። ዘይት የሚይዘው ሌላም ሥራ አለው፤ ፍሬን ስትይዙ ይጣመማል፣ ስትለቁ ወደ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑን ትንሽ ይስበዋል። የደረቀ ጎሚኒ ይህን አያደርግም፣ ፍሬኑም ሳይያዝ ይጎተታል። ፒስተኑን ለማውጣት ቱቦውን ከመፍታታችሁ በፊት የራሱን እጀታ ተጠቀሙ፤ ከጨርቅ ጀርባ እየገፋ ይወጣል። በኮምፕሬሰር አየር የሚወጣ ፒስተን ጣት ይሰብራል። ፒስተኑ ላይ ጥፍር የሚይዝ የዝገት ጉድጓድ ካለ እሱም ይቀየር።

ጎሚኒ ስትገዙ የቁሱ ነገር ከልኩ እኩል ይከብዳል። ለሞተር ዘይት የተሠራ ተራ ክብ ጎሚኒ ልኩ ቢገጥምም የፍሬን ዘይት ውስጥ ያብጣል። ለፍሬን የተሠራው ደግሞ ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይም የሞተር ዘይት ሲነካው ያብጣል። ካሊፐርን በቤንዚን ማጠብ የተለመደ ነው፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ፍሬኑ አልለቅ የሚለውም በዚያው ነው። በሃይድሮሊክ ቱቦ መሥሪያ ቤት የሚጨመቅ ቱቦም ውስጡ ለፍሬን ዘይት ካልተሠራ ተመሳሳይ ዕጣ ይጠብቀዋል።

ያገለገለ ሙሉ ካሊፐር መግዛት የሚያዋጣው የአሮጌው ሰውነት ሲሰነጠቅ ወይም አየር ማስወጫው ቡሎን ውስጡ ሲሰበር ነው። ያኔም ጎሚኒው አዲስ ይግባበት። ያገለገለ ቱቦ ግን በምንም ዋጋ አይገዛም። ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ሊያብጥ ይችላል፤ ዘይቱን ወደ ታች ያሳልፋል፣ ወደ ላይ አይመልስም። ካሊፐሩ የተጣበቀ ይመስላችኋል፤ የካሊፐሩን አየር ማስወጫ ስትከፍቱ ጎማው ወዲያው ከተፈታ ጥፋቱ የቱቦው ወይም የላይኛው ፖምፓ (እጀታው ሥር ሆኖ ዘይቱን የሚገፋው) ነው። በፖምፓው ውስጥ መርፌ የምታክል መመለሻ ቀዳዳ አለች፤ በቆሻሻ ስትደፈን እንዲሁ ያደርጋል። ቱቦ ሲቀየር በሁለቱም ጫፍ የመዳብ ሮንዴላዎቹ አዲስ ይሁኑ።

የፍሬን ዘይት፦ ዶት 3 ወይስ ዶት 4

ይህን አጭር እናድርገው። ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው፤ መያዣው ክዳን ላይ የተጻፈው ነው የሚገባው። ዶት 3 የሚጠይቀው ዶት 4 መጠቀም ይችላል፤ ዶት 4 ለሚጠይቅ ዶት 3 አይሆንም። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፤ ዶት 5.1 ግን የዶት 4 ወገን ነው፣ ስማቸው አያሳስታችሁ።

ልዩነቱ የሚታየው ሲግል ነው። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ዶት 4 እስከ 230 ሳይፈላ ይቆያል። ሁለቱም ከአየር እርጥበት ስለሚጠጡ ውኃ ሲገባባቸው ወደ 140 እና 155 ይወርዳሉ። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ መንገዱ በ20 ኪሎሜትር ገደማ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ፍሬን ተይዞ ብቻ ሲወረድ ያረጀ ዘይት ይፈላል፣ እንፋሎቱ ይጨመቃል፣ እጀታው ባዶ ሆኖ መሪው ላይ ያርፋል። ሲቀዘቅዝ መልሶ ስለሚይዝ ብዙዎች «ደህና ሆነ» ብለው ይተዉታል። በማርሽ ውረዱ፣ ዘይቱንም በሁለት ዓመት አንዴ ቀይሩት። 250 ሚሊሊትር ለአንድ የፊት ዲስክ በቂ ነው። የተከፈተ ጠርሙስ ለዓመት አታስቀምጡ፣ ቀለም ላይ የፈሰሰውንም ወዲያው በውኃ እጠቡ።

አየር ስታወጡ በማስወጫው ላይ ግልጽ ቱቦ አድርጋችሁ ጫፉን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩት። እጀታውን ይዛችሁ ማስወጫውን ክፈቱ፣ እጀታው ሲወርድ ሳይለቀቅ ዝጉ፣ ከዚያ ልቀቁ። በየአራት አምስቱ ዙር የላይኛውን መያዣ ሙሉ፤ አንዴ ባዶ ከሆነ ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ። አረፋው ቆሞም እጀታው አሁንም እንደ ስፖንጅ ከሆነ በገመድ ወደ መሪው አስራችሁ አሳድሩት፤ የቀሩት ጥቃቅን አረፋዎች ወደ ላይ ይወጣሉ።

የፊት ታምቡርን ወደ ዲስክ መቀየርስ?

የሹካው እግር፣ ጎማው፣ ካሊፐሩና ፖምፓው በሙሉ ከአንድ ሞዴል ተሟልተው ካልተገኙ አይሁን። የካሊፐር ማሰሪያ በሳልዳቱራ በሹካ ላይ መበየድ የአሉሚኒየሙን ጥንካሬ ያጠፋል። በደንብ የታደሰ ታምቡር ለ60 ኪሎሜትር ፍጥነት ያለ ችግር ይበቃል፤ ወንዝ ከተሻገራችሁ በኋላ ግን ቀለል አድርጋችሁ እየያዛችሁ ጥቂት ሜትር ሂዱና አድርቁት።

ከገጠማችሁ በኋላ

በመጀመሪያ ቆማችሁ እጀታውን ደጋግማችሁ ያዙ፤ የዲስክ ፒስተን ሸራው ጋር እስኪደርስ የመጀመሪያዎቹ ጭብጦች ባዶ ናቸው፣ ይህን ሳያደርጉ መነሣት አደጋ ነው። ከዚያ ሰው በሌለበት መንገድ ከ40 ወደ 10 ኪሎሜትር ፍጥነት በመጠኑ እየያዛችሁ 20 ጊዜ ያህል ፍጥነት ቀንሱ፣ በየመካከሉ ግማሽ ደቂቃ እየነዳችሁ አቀዝቅዙት፣ ሙሉ በሙሉ አትቁሙ። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ የጎማውን መሃል በእጅ ጀርባ ቀርባችሁ ሙቀቱን እዩ፤ ፍሬን ሳይያዝ የሚግል ሸራ እየተጎተተ ነው። ከ200 ኪሎሜትር በኋላ የታምቡሩን ነፃ እንቅስቃሴ እንደገና ለኩ፣ አዲስ ሸራ ቦታውን ሲይዝ ይቀየራልና፤ የካሊፐሩን ቡሎኖችና ኮፒሊያውንም በዚያው እዩ።